ባዶው ሳህን

ሪችመንድ፣ ካሊፎርኒያ፤ ሰኞ ጠዋት፤
ጉሙ ድልድዩን ውጦ፣ እግሮቹን ብቻ ትቶለት።
በጀልባ የቀዳነው ውሃ በአሥር ጠርሙስ ተደርድሮ፣
በየአንገቱ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በክር ታስሮ።
ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ «ጠጡኝ» ይላል፤
ባሕረ ሰላጤው ዓይን ማታለል ያውቅበታል።

በወንፊት አወርደዋለሁ፤ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይዘገያል፤
ነጩ ወረቀት ላይ የቀረው፣ ያው እርሱ ይቆጠራል።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ መቁጠር።
ምስር እንደሚለቅም ሰው አጎንብሼ፣ ጠጠር በጠጠር፤
ልዩነቱ፣ እዚህ ምስሩ የለም።
ተለቅሞ ሲያበቃ ለድስት የሚተርፍ የለም።

ቀይ ስባሪ፣ ከአሻንጉሊት ይሁን ከባልዲ አፍ፤
ጥቁር ፍርፋሪ፣ ዝናብ ከአውራ ጎዳናው ያጠበው የጎማ ትራፍ፤
በመርፌ ጫፍ ስነካው ይለጠጣል፣ ይመለሳል፤
የከተማው ፍሬን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል።
ከዚያ ደግሞ ክር። ክር፣ ክር፣ ክር።
ከጣት በማትበልጥ ዓሣ ሆድ ውስጥ ዘጠኝ ክር።
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አበው፣
ይህን ድር አላዩትም፤ ሳያብር ባሕር አሰረው።

ካምፑ ማረፊያው ጫፍ ላይ ናቸው፣ እንደ ወትሮው ከነባልዲያቸው፤
የልጅ ልጃቸው ኖይ ትል ትሰካለች ለመንጠቆአቸው።
ምሳዬን ይዤ ስወጣ ሁሌ ያንኑ ይጠይቁኛል፦
«ያ ዓሣ፣ ልጄ፣ ይበላል?»
ሰሌዳው ላይ በስድስት ቋንቋ ተጽፏል ስለ ሜርኩሪ፤
ስለ ክሩ ግን ዝም ነው፤ እኔም የዝምታው ተቀጣሪ።
«ስንት እንዳለበት አውቃለሁ» አልኳቸው፣ «ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።»
ሳቁ። «ሐኪሜም እንዲሁ ይለኛል፤ ምሳ ግን አይሰጠኝም።»
ባልዲውን አንጠልጥለው ሄዱ። ኖይ ዞራ እጇን አወዛወዘች።
በባልዲው ግድግዳ ዓሣይቱ ሦስቴ አንኳኳች።

ከሰዓት በኋላ የባዶው ሳህን ተራ ነው።
ደንባችን ነው፤ ባሕር ያልነካው፣
ከአሥሩ ጠርሙሶች ጎን ክዳኑን ከፍተን የምናስቀምጠው፣
የክፍሉን አየር ብቻ እንዲመሰክር።
እሱ ንጹሕ ከሆነ፣ ቁጥሩ የባሕሩ ነው።
ካልሆነ፣ የኛ ነው።

አየሁት።
አንድ ክር። ሰማያዊ። እንደ ጥያቄ ምልክት የታጠፈ።
ሁለት። ሦስት። እስከ ሰባት።
ቀና አልኩ፤ እጅጌዬን አየሁት።

ነጩ ጋዋን እጥበት ላይ ነበር። የለበስኩት የሰልባጅ፣
በስድስት ዶላር የገዛሁት፣ በብርድ ቀን የምንወዳጅ፣
አንገቱ ላይ ያለችው ቁራጭ በኩራት የምትናገር፦
«ከሃያ ሁለት ሃይላንድ ተሠራሁ፤ ተረፈች ምድር!»
አዎ፣ ጠርሙሱ ከመንገድ ተነሥቷል።
ተነሥቶ ክር ሆነ፣ ክሩ ታጠበ፣ እጣቢው ባሕር ወርዷል።
በየእሑዱ፣ ማጠቢያው ሲሽከረከር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣
ሳንቲም አጉርሼው፣ አረፋው ላይ አፍጥጬ።

ዶክተር ሚዩኪ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ አየች፤
«ቀንሺው» አለች፤ ሌላ ምንም አላለች።
በባዶው የተገኘው ከሁሉም ይቀነሳል፤
ከየጠርሙሱ ሰባት ሰማያዊ ይፋቃል።
ቀነስኩ። አንዱ ዘጠኝ ነበረው፣ ሁለት ቀረ።
ሌላው ሰባት ነበረው፤ ንጹሕ ተባለ፣ ከበረ።
በእርሳስ፣ በደህና የእጅ ጽሕፈት፣ ከባሕሩ ራሴን ቀነስኩ።
ፈረምኩ።

ባሕሩ ደንባችንን አላነበበም።

ስወጣ መሽቷል። ነፋሱ ከበሩ ጀምሮ ጥርስ አለው።
ሹራቡን ልጥለው አሰብኩ። መጣያው ራሱ የሚሄደው የት ነው?
ልጠቅልለው አልኩ፤ የያዝኩት ፌስታል ነው።
ማረፊያው ላይ የባልዲው ክብ እርጥበት ገና አልደረቀም።
በረደኝ፤ ሌላ ሹራብ አልያዝኩም።
እጅጌውን እስከ ጣቶቼ ጎተትኩት።

ከክርኔ አንድ ክር ተነሣ፤ በመብራቱ ሥር አየሁት፤
ሳይቸኩል፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣
ወደ ውሃው ሄደ።
አንድ፣ አልኩ።